ኪሎዋት ከመጨመርሽ በፊት ባልዲ ይዘሽ ውጪ

ሰላም እህቴ። ጣሪያ ሥር የነበረውን ባዶ ቦታ መኝታ ክፍል አድርገሽ መታጠቢያ ጨምረሻል። የገጠምሽው የኤሌክትሪክ ሻወር ግን አንዴ ያቃጥላል፣ አንዴ ይቀዘቅዛል። «ከፍ ያለ ኪሎዋት ልግዛ ወይ?» ብለሻል። እባክሽ ገና አትግዢ። እኔ በዚሁ መንገድ ሄጄ ገንዘቤን አባክኛለሁ።

የእኔም እንዳንቺው ጣሪያ ሥር ነው። መጀመሪያ የገጠምኩት 5.5 ኪሎዋት ነበር፤ ይቆራርጥብኛል። አቅም አንሶት ነው ብዬ በ8.5 ቀየርኩት። ባሰበት። ሳሙና ተቀብቼ እንደቆምኩ ከማሽኑ ውስጥ ቀጭ የሚል ድምፅ እሰማለሁ፤ ወዲያው ውሃው በረዶ ይሆናል። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ቀጭ ይልና ያቃጥለኛል።

ነገሩ የገባኝ ባልዲ ይዤ ስወጣ ነው። ሻወሩን ከፍቼ የአንድ ደቂቃ ውሃ አጠራቀምኩ። 2 ሊትር ብቻ! በዚህ ፍሰት 8.5 ኪሎዋት ውሃውን 60 ዲግሪ ያህል ይጨምርበታል። 15 ዲግሪ ሆኖ የገባው 75 ሊደርስ ነው። ማሽኑ ደግሞ ሰው እንዳያቃጥል ማሞቁን ያቆማል። ቀጭ የሚለው እሱ ነበር። ኪሎዋት ስጨምር የባሰበትም ለዚህ ነው።

ጣሪያ ሥር ይህ የሚበዛው በከፍታ ምክንያት ነው። ታንከሩ ከሻወሩ ራስ በ1 ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር የምታገኚው ግፊት 0.1 ባር ብቻ ነው። የእኔ ታንከር 1 ሜትር እንኳ አይበልጠውም ነበር። ብዙዎቹ ማሽኖች ከዚያ በብዙ እጥፍ ይፈልጋሉ፤ ልኩ መመሪያው ላይ ተጽፏል። ከታንከሩ ቀጥሎ ትንሽ ፓምፕ ሳስገባ ፍሰቱ 5 ሊትር ደረሰ፣ ያው ማሽን አደብ ገዛ።

ፓምፕ ከማሰብሽ በፊት ግን ብሬከሩንና ውሃውን ዘግተሽ መግቢያው ላይ ያለችውን ጥፍር የምታክል ወንፊት አውጥተሽ እያት። የእኔዋ ውስጥ ዝገትና አሸዋ ተጠቅጥቆ ነበር። የሻወሩ ራስ ቀዳዳዎችም በማንቆርቆሪያ ሥር እንደሚጋገረው ባለ ነጭ ነገር ይደፈናሉ። አቼቶ ውስጥ አሳድሪውና በጥርስ ብሩሽ ፈትጊው። የሻወሩ ራስ ተደፍኖ ከቆየ ግፊቱ ወደኋላ ይመለስና ከማሽኑ ሥር ውሃ መንጠባጠብ ሊጀምር ይችላል።

ሳይቆራርጥ፣ ማታ ማታ ብቻ ለብ የሚል ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። መብራቱ ደክሞ ይሆናል። 220 የነበረው ቮልት ወደ 190 ሲወርድ ማሽኑ ሩብ ያህል አቅሙን ያጣል።

ምርጫውን በተመለከተ፣ ከ15 ወደ 40 ዲግሪ ለማሞቅ 5.5 ኪሎዋት በደቂቃ 3 ሊትር ገደማ ይሰጥሻል፣ 8.5 ወደ 5፣ 10.5 ደግሞ 6። ለእኔ 8.5 በቂ ነው። ግን በ220 ቮልት 39 አምፔር አካባቢ ይስባል። ከሶኬት የሚቀጠል ነገር አይደለም! ከማከፋፈያው የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይፈልጋል፤ ሽቦውም ብዙ ጊዜ ባለ 10 ካሬ ሚሊሜትር ነው። ጣሪያ ሥር ደግሞ ሽቦው በሙቀት መከላከያ ንጣፍ ውስጥ ካለፈ ሙቀቱን ማስወጣት ስለማይችል ከዚያም መወፈር ሊኖርበት ይችላል። ይህን ኤሌክትሪሺያኑ ራሱ ወጥቶ ይየው፤ ታች ቆሞ አይገምት። ግራውንዱንና ኤሌክትሪክ ሾልኮ 30 ሚሊአምፔር ሲደርስ መብራቱን የሚቆርጠውን መከላከያም አብሮ ይፈትሽልሽ።

ቧንቧውን ስትነኪ ነዘር ካደረገሽ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተሽ ዛሬውኑ ብሬከሩን አጥፊና ባለሙያ እስኪያየው ማንም እንዳይታጠብበት። እንዲህ ያለ ነገር ከሌለ ባልዲውን ለክተሽ ስንት ሊትር እንደወጣና ታንከሩ ከሻወሩ ራስ በምን ያህል እንደሚበልጥ ጻፊልኝ፤ ፓምፕ ያስፈልግሽ እንደሆነ አብረን እናያለን።