ጣፋጭ ወይን ለኬክ ብቻ አይደለም፤ አውሮፓ ሬስቶራንት ለምትሠሩ ልጆች

ልጆች፣ ስለ ወይን ጠጅ ከምን እንጀምር ብላችሁ ስትጠይቁኝ ረጅም የስም ዝርዝር የምሰጣችሁ ይመስላችኋል። አልሰጥም። አንድ ወይን ያዙና ከሥሩ እወቁት። እኔ የምመርጥላችሁ የሃንጋሪውን ቶካይ አሱ ነው። ለምን ብትሉ፣ ብዙ አስተናጋጅ ስለሱ "ጣፋጭ ነው" ከማለት ያለፈ የሚናገረው የለውም፤ ደንበኛውም ይህን ሲሰማ ወይ ይተወዋል ወይ ከቸኮሌት ኬክ ጋር ያዘዋል። ሁለቱም ያሳዝነኛል።

ቶካይ በሰሜን ምሥራቅ ሃንጋሪ ያለ አካባቢ ነው። ቦድሮግና ቲሳ የሚባሉ ወንዞች እዚያ ይገናኛሉ። በጥቅምት ማለዳ ጉም ይነሳል፣ ቀን ላይ ፀሐይ ትወጣለች፣ ይህ መፈራረቅ ደግሞ ቦትራይቲስ ለሚባል ሻጋታ ይመቸዋል። ሻጋታ ስላልኩ ፊታችሁን አታጨማዱ። የፍሬውን ልጣጭ ይበሳሳዋል፣ ውኃው ይተናል፣ ፍሬው እንደ ዘቢብ ይኮማተራል። ያኔ ስኳሩም ኮምጣጣነቱም አብረው ይጠነክራሉ። ለቃሚዎች የተኮማተረችውን ፍሬ ብቻ አንድ በአንድ በጣታቸው ይለቅማሉ፣ ያልደረሰችውን ለሌላ ቀን ይተዋሉ፣ ስለዚህ ወደ አንድ ማሳ ደጋግመው ይመለሳሉ። ደንበኛ ዋጋው ለምን ተወደደ ካላችሁ ይህን ንገሩት፤ ይበቃዋል።

ጠርሙሱ ላይ 5 ወይም 6 ፑቶኞሽ የሚል ታያላችሁ። ፑቶኝ ለቃሚዎች ፍሬውን የሚሸከሙበት፣ 25 ኪሎ ያህል የሚይዝ ዕቃ ነው። ድሮ የሚቆጠረው 136 ሊትር ወይን በሚይዝ በርሜል ላይ ስንት ፑቶኝ ፍሬ እንደተጨመረ ነበር። ዛሬ የሚታየው ስኳሩ ነው። ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ አሱ ለመባል በሊትር ቢያንስ 120 ግራም ስኳር ሊኖረው ይገባል፣ 6 ፑቶኞሽ ደግሞ 150። ይህ ከኮካ ኮላ ይበልጣል! ግን አፍ ላይ አይከብድም፣ ምክንያቱም ፉርሚንት የሚባለው ዋናው የወይን ዝርያ በተፈጥሮው በጣም ኮምጣጣ ነው።

እንግዲህ ምግቡን ስትመርጡ ስኳሩን ሳይሆን ኮምጣጣነቱን አስቡ። ሃንጋሪዎች የዝይ ጉበት ያቀርቡለታል። ጉበቱ ስብ ነው፣ ምላስ ላይ ይለጠፋል፣ ወይኑ ሲመጣ ያንን ስብ ጠርጎት ይሄዳል። ከሁሉ የምወደው ግን ሰማያዊ ሻጋታ ያለው አይብ ነው፣ ሮክፎር ወይም ስቲልተን። ሥራ ስትጨርሱ ሞክሩት። ቁራሽ አይብ አፋችሁ ውስጥ ይሟሟ፣ ጨውነቱ ምላሳችሁን ሲይዘው ትንሽ ፉት በሉ። ጨውነቱ ይለዝባል፣ ወይኑም የአፕሪኮትና የብርቱካን ልጣጭ ጣዕሙን ያወጣል። ይህን አንዴ የቀመሰ አስተናጋጅ የሚናገረውን አያጣም።

ኬክ ይቅር አላልኩም። ግን ምግቡ ከወይኑ በላይ ከጣፈጠ ወይኑ ባዶ ይሆናል፣ ኮምጣጣው ብቻ ይቀራል። አፕሪኮት የገባበት፣ ለውዝ ወይም ዋልነት ያለበት፣ ስኳሩ የተመጠነ ነገር አቅርቡ። የወተት ቸኮሌት አልመክርም። ከዶሮ ወጥ ጋርስ የምትሉኝ አላችሁ፤ ስኳር የበርበሬን ማቃጠል ስለሚያበርድ አይጣላም፣ ግን በትንሹ የሚጠጣ ወይን ስለሆነ ለሙሉ ማዕድ አይሆንም።

ስትቀዱ ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ይሁን፣ ከዚያ ከቀዘቀዘ ሽታው ይጠፋል። ብርጭቆው ትንሽ ይሁን፣ ጠርሙሱም ግማሽ ሊትር ብቻ ነው። የተረፈውን ዘግታችሁ ፍሪጅ አስገቡት፣ ሁለት ሳምንት ምንም አይሆንም። ከመካከላችሁ አልኮል የማትጠጡ ካላችሁ ደግሞ አትጨነቁ፤ በዚህ ሙያ ቀምሶ መትፋት የተለመደ ነው፣ ማንም አይታዘባችሁም፣ በአፍንጫ ብቻም ብዙ ይታወቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከዚያው አካባቢ ሳሞሮድኒ የሚባል ወይንም ይመጣል። ደረቅም (ማለትም የማይጣፍጥ) ጣፋጭም አለው፣ ጠርሙሶቹም ይመሳሰላሉ። ደረቁ ላይ "ሳራዝ"፣ ጣፋጩ ላይ "ኤዴሽ" ይላል። ቡሹን ከመንቀላችሁ በፊት አንብቡት፤ አይብ ይዞ ጣፋጩን ለሚጠብቅ እንግዳ ደረቁን ከቀዳችሁለት ማታው ተበላሸ ማለት ነው።