በአንድ ቀን ዘጠኝ ቦታ? የዴልሂ ጉብኝት ከቤተሰብ ጋር

ጥያቄ፦ በሚቀጥለው ወር ከባለቤቴ፣ ከ68 ዓመት እናቴ እንዲሁም የ7 እና የ12 ዓመት ልጆቻችን ጋር ሆነን አግራ ከተማ ታጅ ማሃልን ጎብኝተን ወደ ዴልሂ ስንመለስ አንድ ሙሉ ቀን ይተርፈናል። ቀኑ ሰኞ ነው። አንድ አስጎብኚ ድርጅት ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ቀይ ምሽግን፣ ጃማ መስጂድን፣ ቻንድኒ ቾክን፣ ራጅ ጋትን፣ ኢንዲያ ጌትን፣ የሁማዩን መቃብርን፣ የሎተስ ቤተ መቅደስን፣ አክሻርዳምንና ቁጥብ ሚናርን እንደሚያሳየን ነግሮናል። በመሃሉም “የእጅ ጥበብ ማዕከል” የሚል አርባ ደቂቃ አለ። እናቴ ጉልበቷን ያማታል። ይህ ፕሮግራም ያዋጣል? ከአስጎብኚውስ ጋር ምን ብንነጋገር ይሻላል?

ምላሽ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ፕሮግራሙ አያዋጣም። ከዘጠኙ ቦታዎች ሦስቱ፣ ማለትም ቀይ ምሽግ፣ የሎተስ ቤተ መቅደስና አክሻርዳም፣ ሰኞ ሰኞ ዝግ ናቸው። ይህን ዝርዝር ለሰኞ ያዘጋጀው ድርጅት ወይ ቀኑን ልብ አላለም፣ ወይ ደግሞ በአጥሩ በኩል በመኪና አሳልፎዎት “አየነው” ሊያሰኝዎት አስቧል።

የቀሩት ስድስቱም ቢሆኑ በስምንት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ተረጋግቶ ለማየት ይበዛሉ። ጃማ መስጂድና የቻንድኒ ቾክ ገበያ የሚገኙት በአሮጌው ዴልሂ ሲሆን ቁጥብ ሚናር ግን በደቡብ በኩል መህራውሊ በሚባለው አካባቢ ነው፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ መኪና በተጨናነቀበት ሰዓት ከአንድ ሰዓት በላይ ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ የከተማዋን አንድ ወገን መርጠው ሌላውን እንዲተዉት እንመክርዎታለን። ጃማ መስጂድ በየበሩ ከሠላሳ በላይ ደረጃ ስላለውና የቻንድኒ ቾክ ግፊያም ለወጣት እንኳ ስለሚከብድ፣ ለእናትዎ ጉልበት የሚስማማው የደቡቡ ወገን ነው።

ፀሐዩ ሳይበረታ በቁጥብ ሚናር ይጀምሩ። ግቢው ሰፊና አብዛኛው መሬቱ ደልዳላ በመሆኑ እናትዎ ቀስ ብለው መራመድ ይችላሉ። ቁመቱ 72.5 ሜትር የሆነውን ይህን ግንብ የዴልሂው ገዢ ቁጥብ ኡድ ዲን አይበክ በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አስጀምሮት ተተኪው ኢልቱትሚሽ ቀጥሎበታል። በውስጡ ያሉትን 379 ደረጃዎች መውጣት ግን ከእ.ኤ.አ. 1981 ወዲህ አይፈቀድም፤ በዚያ ዓመት በደረጃው ላይ በተፈጠረ መረጋገጥ ብዙዎቹ ተማሪዎች የሆኑ 45 ሰዎች ሞተዋል። ልጆችዎን ይበልጥ የሚማርካቸው በዚያው ግቢ የቆመው የብረት ምሰሶ ይመስለናል። ሰባት ሜትር ያህል የሚረዝመውና ከ6 ቶን በላይ የሚመዝነው ይህ ምሰሶ ከ1,600 ዓመት ገደማ በፊት ተሠርቶ እስከ ዛሬ በዝገት አልተበላም፤ ምክንያቱም ብረቱ ብዙ ፎስፈረስ ስላለው በላዩ ላይ ስስ መከላከያ ሽፋን ተፈጥሮለታል። አስጎብኚው ይህን ለልጆቹ በዝርዝር እንዲያስረዳቸው ይጠይቁት።

አስጎብኚዎች ሁልጊዜ የማያነሱት፣ እኛ ግን እንዲጠይቁት የምንሻው አንድ ታሪክም አለ። የኢልቱትሚሽ መቃብር በዚሁ ግቢ ውስጥ ይገኛል። ሱልጣኑ ከወንዶች ልጆቹ ይልቅ ለአልጋው ያጨው ሴት ልጁን ራዚያን ነበር፤ እርሷም እ.ኤ.አ. ከ1236 እስከ 1240 በዴልሂ ዙፋን ላይ ተቀምጣለች። ከሹማምንቷ መካከል የቤተ መንግሥቱ ፈረሶች አለቃ አድርጋ የሾመችው ጀማል ኡድ ዲን ያቁት “ሐበሺ” ነበር፤ ህንዶች ከአፍሪካ ቀንድና ከአካባቢው ለመጡ ሰዎች ይህንኑ ስም ይሰጡ ነበር። የቱርክ ዘር ያላቸው መኳንንት በሹመቱ ተቆጥተው ባመፁ ጊዜ ያቁት ተገደለ፣ ራዚያም ከዙፋኗ ወረደች።

ቀጥሎ ወደ ሁማዩን መቃብር ይሂዱ። ከአግራ ስለሚመጡ ከታጅ ማሃል ጋር ማነጻጸሩ ደስ ይላል፤ ህንድን ከገዙት የሙጋል ነገሥታት አንዱ በነበረው በሁማዩን ሚስት በቤጋ ቤጉም ትእዛዝ የተሠራው ይህ ሕንፃ ታጅ ማሃል ከመጀመሩ ከ60 ዓመት በፊት ያለቀ ሲሆን፣ በአራት የተከፈለው የአትክልት ሥፍራና ትልቁ ጉልላት ኋላ በአግራ ለታየው መንገድ ጠርገዋል። የመጨረሻው የሙጋል ንጉሥ ባሃዱር ሻህ ዛፋርም እ.ኤ.አ. በ1857 ተሸሽጎ በእንግሊዞች እጅ የወደቀው እዚሁ ነው። መቃብሩ ወዳለበት መደብ የሚያወጣው ደረጃ ግን ቀጥ ያለ ነው፤ እናትዎ በአትክልቱ ጥላ ሥር ሆነው ቢጠብቁ ሕንፃውን ከዚያም ሆነው በደንብ ያዩታል።

ለምሳ ከምግብ ቤት ይልቅ የሲኮች ቤተ ጸሎት ወደ ሆነው ጉርድዋራ ባንግላ ሳሂብ እንዲሄዱ እንመርጣለን። በዚያ “ላንጋር” የሚባለው ሥጋ የሌለበት ማዕድ በሃይማኖትም ሆነ በዘር ሳይለይ ለመጣው ሁሉ በነጻ ይቀርባል። ጫማ ማውለቅና ወንድ ሴት ሳይባል ራስን መሸፈን ግዴታ ነው፤ እብነ በረዱ በፀሐይ ስለሚግል ይጠንቀቁ። የሚበላው ወለል ላይ ተቀምጦ ስለሆነ የእናትዎን ጉልበት ጉዳይ ለአስጎብኚው ቀድመው ይንገሩት። ሲመሽ በመንገድዎ ላይ የጦርነት መታሰቢያ የሆነውን ኢንዲያ ጌትን ማየት ይችላሉ፤ ለእርሱ ሩብ ሰዓት ይበቃል።

አሁን ወደ ስምምነቱ እንምጣ። “የእጅ ጥበብ ማዕከል” የተባለው ብዙውን ጊዜ ምንጣፍና ጌጣጌጥ የሚሸጥበት ሱቅ ሲሆን፣ አስጎብኚውና ሹፌሩ እርስዎ ከሚገዙት ላይ ኮሚሽን ያገኙበታል። ኮሚሽኑ በዕቃው ዋጋ ላይ ተጨምሮ ከእርስዎ ኪስ የሚከፈል ስለሆነ፣ ሱቅ እንደማይገቡ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት በጽሑፍ ያስፍሩ። የአስጎብኚው ክፍያ የመግቢያ ትኬትን ይጨምር እንደሆነም ይጠይቁ፤ በቁጥብ ሚናርም ሆነ በሁማዩን መቃብር የውጭ አገር ጎብኚ 600 ሩፒ ይከፍላል፣ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ግን በነጻ ይገባሉ፤ ስለዚህ የልጆቹን ፓስፖርት ይያዙ። የህንድ ቱሪዝም ሚኒስቴር ፈቃድ የሰጠው አስጎብኚ መታወቂያ አለው፤ እንዲያሳይዎ መጠየቅ ነውር አይደለም። መኪናውም ቀኑን ሙሉ ከእናንተ ጋር እንዲቆይ ይስማሙ። ድንገት ባጃጅ ቢያስፈልግዎ በዴልሂ የሚጠራው “ኦቶ” ተብሎ ነው፤ እኛ የለመድነው ስም የአምራቹ የህንድ ኩባንያ ስም ነው።

ቀኑን ወደ ማክሰኞ ማዛወር ከቻሉ ቀይ ምሽግ ክፍት ስለሚሆን ምርጫው ይሰፋል። በዚያን ጊዜም ቢሆን ቀይ ምሽግን በሁማዩን መቃብር ምትክ ይዩት እንጂ በላዩ ላይ አይጨምሩት።