«ልጄን ይንሳኝ» ብዬ ምዬ ነበር

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ። የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። ፋብሪካ እየሠራሁ በጫት ጀመርኩ። ከዚያ ለጨብሲ ብዬ አረቄ ለመድኩ፤ ስድስት ዓመት ጠጣሁ። የ5 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ፤ የማሳድገው ብቻዬን ነው። አሁን ደሴ፣ ከሱስ የሚወጡ እናቶች ከነልጆቻቸው በሚኖሩበት ቤት ነው ያለሁት። መድኃኒትም እወስዳለሁ። ስገባ በእመቤታችን ሥዕል ፊት «ዳግመኛ ብቀምስ ልጄን ይንሳኝ» ብዬ ማልኩ። ሰባት ወር ጸናሁ። በሐምሌ አንድ ማታ ግን ሁለት መለኪያ ጠጣሁ። በሳምንቱ ልጄን የሳንባ ምች ያዘው። ሌሊት እጄ እየተንቀጠቀጠ ማዘል ሲያቅተኝ፣ አብራኝ የምትኖረው ሙስሊም እህት አዝላ ሐኪም ቤት አደረሰችልኝ። ዳነ። እኔ ግን መሐላዬ እንደ ደረሰበት አውቃለሁ። ከዚያ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያን በር አላልፍም፤ እሱንም አላስቆረብኩትም። መጠጣቴን ለቤቱ አማካሪ አልነገርኩም። በራሴ ቀኖና በየቀኑ እስከ 11 ሰዓት እጾማለሁ። እግዜር ልጄን ይወስድብኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ የመጨረሻውን አስቀድሜ ልመልስልሽ። አይወስድብሽም። ልጅሽ የታመመው አንቺ ስለማልሽ አይደለም። ይህችን ደግመሽ አንብቢያትና ወደ ሌላው እንሄዳለን።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲደርሰኝ የመጀመሪያዬ አይደለም። አንዷ «ከእህቴ ብታረቅ ልጄ ይሙት» ብላ ምላ፣ እህቷ ስትሞት ለቅሶ መድረስ ፈርታ መጥታለች። አንዱ በእናቱ ምሎ ሲጋራ አቁሞ ነበር፤ ሲመለስበት እናቱን ዓይኗን ማየት አቃተው። እኛ ጋ መሐላ አፍ ላይ ነው። ሰኞ ገበያ ብትወርጂ ሽንኩርት የምትሸጠው «ልጄ ይሙት፣ በዚህ አልገዛሁትም» ትልሻለች። ስንለው ይቀለናል። አንድ ነገር ሲደርስብን ግን ያቺ ቃል ትዝ ትለናለች፤ እግዚአብሔርን እንደ አራጣ አበዳሪ እናስበዋለን። ቀኑን ጠብቆ መያዣውን ሊወስድ የመጣ ይመስለናል።

ልጅሽ መያዣ አይደለም። ያንቺም ንብረት አይደለም፤ በአደራ የተሰጠሽ ነው። አደራን ደግሞ ማስያዝ አይቻልም። ስለዚህ መሐላሽ ከአፍሽ ሲወጣም የሚይዘው ነገር አልነበረውም። በነቢዩ ሕዝቅኤል «ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም» ያለ አምላክ (ሕዝ. 18፥20) የሁለት መለኪያ አረቄን ዕዳ በአምስት ዓመት ሕፃን ደረት ላይ አይጭንም። ጌታችን «ከቶ አትማሉ» ሲልም (ማቴ. 5፥34) ከዚህ ዓይነቱ ጭንቀት ጭምር ሊያድነን ነው።

ሄሮድስን አስቢው። በግብዣ መሐል ማለ። ልጅቱ የዮሐንስን ራስ ስትጠይቀው አዘነ፤ ግን ስለ መሐላውና አብረውት ስለተቀመጡት ሰዎች ብሎ አስቆረጠው (ማር. 6፥26)። ቃሉን ጠበቀ ብሎ የሚያመሰግነው አለ? የለም። ክፉ መሐላ ንስሐ ይገባበታል እንጂ አይጠበቅም። አንቺም እግዚአብሔር ያን ክፉ ቃል ይፈጽምልሻል ብለሽ አትጠብቂ።

ሕመሙ ታዲያ ከየት መጣ? ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ግን የሐረጎን ዳገት ስትወጪ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ትያለሽ። ልጅሽ ሙቀት የለመደ የኮምቦልቻ ልጅ ነው። በሐምሌ ጦሳ በጉም ተሸፍኖ ሲውል፣ ልብስ ሦስት ቀን ሳይደርቅ ሲቀር፣ ብዙ ልጆች በአንድ ቤት ሲያድሩና አንዱ የሌላውን ጉንፋን ሲወስድ፣ የሳንባ ምች የሚይዘው ስንቱን ነው! በዚያ ወር በሆስፒታሉ አብረውት የተኙት ሕፃናት እናቶች ሁሉ ምለው ነበር እንዴ?

ያጠፋሽውንም አልደብቅሽም። መጠጣትሽ ውድቀት ነው። በልጅሽ ሕይወት መማልሽ ከመጠጣቱ በፊት የሠራሽው ሌላ ጥፋት ነው፤ ለንስሐ አባትሽ ስትናገሪ እሱንም ለብቻው ተናገሪው። ብዙ ሰው መሐላውን ማፍረሱን እንጂ መማሉን አይናዘዝም።

ሦስተኛው ለአማካሪዋ መደበቅሽ ነው። እዚህ ላይ ቆጣ እላለሁ። የሱስ ሐኪሞች መልሶ መውደቅን የሕመሙ አንድ ጠባይ አድርገው ነው የሚያዩት። ያን ማታ ምን እንደ ቀሰቀሰብሽ፣ ከማን ጋር እንደነበርሽ፣ ምን እንዳናደደሽ ይጠይቁሻል። የምትወስጂው መድኃኒትም ከአረቄ ጋር ሊጋጭ ይችላል። ካልነገርሻት በምን ታውቃለች? ከቤቱ ያስወጡኛል ብለሽ ፈርተሽ ይሆናል። ፍርሃትሽ ይገባኛል፤ ልጅ ይዞ ቤት መፈለግ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ከፈለግሽ ስትነግሪያት አብሬሽ እቀመጣለሁ። ግን ይህን ሳምንት አታሳልፊው።

በደብዳቤሽ ውስጥ ያየሁት ሌላ ነገር አለ። የምትኖሪበትን ቤት አንድ ቦታ እንኳ እንደ እግዚአብሔር ስጦታ አልቆጠርሽውም። ወንበዴዎች ደብድበው የጣሉትን ሰው ታስታውሻለሽ? ደጉ ሳምራዊ ቁስሉ ላይ ዘይትና ወይን አፍስሶ አልተወውም። በአህያው ጭኖ ወደ እንግዶች ማደሪያ ወሰደው። አደረበት። በማግስቱ ለባለ ቤቱ ሁለት ዲናር ሰጥቶ «ጠብቀው» አለው፤ ከዚህ በላይ የምታወጣውን ስመለስ እከፍልሃለሁ አለ (ሉቃ. 10፥34-35)። አባቶች ማደሪያውን በቤተ ክርስቲያን፣ ሁለቱን ዲናር በብሉይና በሐዲስ ይተረጉሙታል። እኔ ዛሬ የምጠይቅሽ ስለ ቁስለኛው ነው። መንገድ ላይ እያለ ድኖ ተነሣ ይላል? አይልም። አልጋ ተሰጠው፣ ጠባቂ ተመደበለት፣ ሒሳቡ በሌላ ሰው ተከፈለለት። በዚያ አልጋ ላይ ሳለ አንድ ሌሊት ትኩሳቱ ቢመለስበት ሳምራዊው «እንግዲያው አውጡልኝ» የሚል ይመስልሻል?

ስለ ጾምሽ አጭር ነው። ተዪው። ቀኖና የሚሰጠው የንስሐ አባት ነው። ማንም ለራሱ ፈርዶ ራሱን አይቀጣም። መድኃኒት የሚወስድ ሰው እስከ 11 ሰዓት ባዶ ሆዱን ሲውል ይደክማል፣ ይበሳጫል፤ ያ ብስጭት ደግሞ ወደ መለኪያው ይመልሳል። ንስሐ አባትሽ ጤናሽን አይተው የሚሉሽን ብቻ አድርጊ። ብዪ ያሉሽ ቀን ብዪ።

አንቺ ለመቁረብ የአባትሽን ቃል ትጠብቂያለሽ። ልጅሽ ግን ያንቺን ቀኖና የሚጠብቅበት ምክንያት የለውም። እሱ ምንም አላጠፋም። የፊታችን እሑድ ይዘሽው ነይ፤ በሩ ላይ አትቁሚ፣ እስከ ውስጥ ግቢ። ጠዋት ብርድ ስለሆነ ጋቢ ደርቢለት። ያን ሌሊት ያዘለችልሽን እህትም ሰላም በይልኝ።