ስኪል ላቡ ይከፈትልን ለምትሉ የነርሲንግ ተማሪዎች

«ከዲሞንስትሬሽን (መምህር ሠርቶ ከሚያሳይበት) ቀን ውጭ ስኪል ላብ ገብተን በራሳችን እንዳንለማመድ ለምን እንከለከላለን?» ስትል የጠየቀችኝ አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። የስኪል ላቡ፣ ማለትም በአሻንጉሊት ላይ የነርስ ሥራ የሚለማመዱበት ክፍል፣ ቁልፍ ለዓመታት በእኔ ኪስ ስለነበር መልሱን አውቀዋለሁ። ጥያቄዋ ግን የቆየ ጸጸት ቀሰቀሰብኝ፤ ለእሷ ብቻ መልሼ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ሌላ ተማሪ አንድ ሐሙስ ከሰዓት ይህንኑ ጠይቃኝ ነበር። ሰኞ ወደ ዋርድ፣ ታካሚዎች ወደሚተኙበት ክፍል፣ ትወጣለች። ካኑላ (በመርፌ እየተመራ ደም ስር ውስጥ የሚገባ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ) በላብ የሞከረችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ክፍሉ በሙሉ አንዲት የጎማ ክንድ ከብቦ ተራ ሲጠብቅ። «ቆዳው ተበሳስቶ አልቋል፣ ተተኪ የለንም» ብዬ መለስኳት። ያልኩት እውነት ነበር፤ መልሱ ግን ትክክል አልነበረም።

ሰኞ የደረሷት ታካሚ ተቅማጥና ትውከት ፈሳሻቸውን የጨረሰባቸው እናት ነበሩ። ተማሪዋ ቱርኒኬቱን (የክንድ ማሰሪያውን) አስቀድማ አሰረችና ካኑላውን መፍታት፣ ፕላስተር መቁረጥ ጀመረች። ቱርኒኬት ከአንድ ደቂቃ ብዙም ሳያልፍ መፈታት ሲኖርበት የእናትየው እጅ እስኪጠቁር ቆየ። ቆዳውን በአልኮል ጠርጋ እስኪደርቅ ሳትጠብቅ ደም ስሩን መልሳ በጣቷ ዳሰሰች፤ ጽዳቱ እዚያው ፈረሰ። በግራ አውራ ጣቷ ቆዳውን ወደ ታች ስላልወጠረችው ደም ስሩ ከመርፌው ሥር ተንከባሎ አመለጠ።

ሁለተኛው ሙከራ ይበልጥ ያስቆጫል። ደም ብልጭ ሲል አየች፣ ፊቷ በራ፣ ወዲያው ፕላስቲኩን ገፋችው። የመርፌው ጫፍ ከፕላስቲኩ ጫፍ አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ይቀድማል። ደም ታየ ማለት መርፌው ገባ ማለት እንጂ ፕላስቲኩ ገባ ማለት አይደለም። ማድረግ የነበረባት መርፌውን ዝቅ አድርጋ ከቆዳው ጋር ማስተኛት፣ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር አብሮ ማስገባት፣ ከዚያ ብቻ መርፌውን ይዛ ፕላስቲኩን ማንሸራተት ነበር። ቦታው አበጠ። ደንግጣ በግማሽ ያወጣችውን መርፌ መልሳ ወደ ፕላስቲኩ ልትከት ስትል እጇን ያዝኩት፤ የመርፌው ስለት ፕላስቲኩን ሊቆርጠውና ቁራጩ ከደም ጋር ሊሄድ ይችላል። ሦስተኛውን ሌላ ነርስ በሌላው ክንድ ላይ አስገባላት። እናትየው ደረቅ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ «አይዞሽ ልጄ፣ ትለምጂዋለሽ» አሏት። መልመጃው እሳቸው መሆን አልነበረባቸውም።

የቱም ስህተት የእውቀት ማነስ አልነበረም። ብትጠየቅ ደረጃዎቹን በቃሏ ትዘረዝራቸዋለች። የጎደላት እጅ ነው፤ እጅ ደግሞ የሚገራው በድግግሞሽ ብቻ ነው። ለዚህ ተብሎ የተሠራ አሻንጉሊት እኮ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1911 አሜሪካ ውስጥ የሃርትፎርድ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት፣ ማርታ ቼዝ የተባለችው አሻንጉሊት ሠሪ ያዘጋጀችለትን ሰው የሚያክል አሻንጉሊት ለማስተማሪያ አስገብቶ ነበር። አሻንጉሊቱ የሚገዛው እንዲነካ ነው። እኛ ግን እንዳያረጅ ቆልፈን እናስቀምጠዋለን።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። «ላቡ ይከፈትልን» ብላችሁ በባዶ እጅ አትሂዱ። የትኛው ቀን፣ የትኞቹ ሁለት ሰዓታት፣ የትኛው ክህሎት፣ ስንት ካኑላና ስንት ጓንት፣ ኃላፊነቱን የሚወስደው ማን እንደሆነ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ሂዱ። ቁልፍ ያዡ የሚፈራው ሦስት ነገር ነው፤ ዕቃው ይሰበራል፣ ይጠፋል፣ ተማሪ በመርፌ ይወጋል። ለሦስቱም መልስ ይዛችሁ ግቡ።

ለመጀመሪያው፦ ማኒኪን (የልምምድ አሻንጉሊቱ) ላይ ቤታዲን አታፍስሱ፣ በእስክርቢቶ ምልክት አታድርጉ፣ ጋዜጣ ላይ አታስተኙት፤ ቀለሙ አይለቅም። ለካቴተር (የሽንት ቱቦ) ልምምድ ቫዝሊን ላቴክስ ጎማን ስለሚያበላሽ ከዕቃው ጋር የመጣውን ማለስለሻ ተጠቀሙ። ክንዱን አንድ ቦታ ብቻ እየደጋገማችሁ አትውጉት፤ በደም ስር ፈንታ ውስጡ ያለው ቱቦ ማፍሰስ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ለሁለተኛው፦ ዕቃ በቁጥር ይወጣል፣ በቁጥር ይመለሳል። ለሦስተኛው፦ መርፌ መልሳችሁ አትክደኑ፣ ሴፍቲ ቦክሱን (የመርፌ መጣያውን) ክንዳችሁ በሚደርስበት አስቀምጡ፣ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ቀይሩት። እርስ በርስ መወጋጋት የሚባል ልምምድ የለም። የተወጋ ካለ በሳሙናና በውሃ ይታጠብ፣ ሳይደብቅ ወዲያው ያሳውቅ። ስለ እጅ መታጠብ አልጽፍም፤ እሱን የማታውቁ ከሆነ ላቡ ተቆልፎ ይቆይ።

ብቻችሁን አትግቡ፤ ሦስት ሆናችሁ ግቡ። አንዱ ይሠራል፣ አንዱ ቼክሊስቱን ይዞ ያያል፣ ሦስተኛው ከክንዱ አጠገብ ተቀምጦ እንደ ታካሚ ይናገራል፤ «ምን ልታደርጊኝ ነው?» ይላል፣ እጁን ይሰበስባል። በላብ ሳይነጋገር የለመደ ዋርድም ውስጥ ዝም ይላል። ሥራውን ቆራርጣችሁ ያዙት። ያለ መርፌ ትሬይ ማዘጋጀትና ቱርኒኬት ማሰርን ብቻ አሥር ጊዜ፣ ከዚያ መርፌውን ማስተኛትና ፕላስቲኩን ማንሸራተትን ብቻ አሥር ጊዜ። ሙሉውን መጨረሻ ላይ ሥሩት።

የዛሬ ልጆች ቪዲዮ አይታችሁ «ገባኝ» ማለት ታበዛላችሁ። ቪዲዮ እጅ አያስተምርም። ስልኩ ግን ሌላ ጥቅም አለው፤ ከላይ አቁሙትና የራሳችሁን እጅ ቅረጹ፣ ማታ ከቼክሊስቱ ጋር እዩት። የግራ እጃችሁ ሥራ ፈትቶ እንደሚቆም ያን ጊዜ ታያላችሁ። ብቻችሁን አትግቡ አልኩ እንጂ፣ ፊልሙን ብቻ ለብቻ ማየት ይሻላል፤ ጓደኛ ያዝንላችኋል።

ምርጫ ካላችሁ፣ አዲስ የተወለደ ሕፃን በአምቡ ባግ (በእጅ በሚጨመቅ የአየር ከረጢት) ማስተንፈስን ሁልጊዜ አስቀድሙ። ይህን እጅ ቶሎ ይረሳዋል፤ ታካሚው ደግሞ የሚሰጣችሁ አንድ ደቂቃ ነው። በደቂቃ ከ40 እስከ 60 ትንፋሽ፣ በእያንዳንዱ ደረቱ ከፍ ማለት አለበት። ካላለ በኃይል አትጭመቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ማስኩ ፊት ላይ አለመግጠሙ ወይም ጭንቅላቱ መጉበጡ ነው።

ላቡ ጭራሽ እምቢ ካለ፣ መርፌ ወደ ዶርም አይገባም። የሚገባው አሮጌ የግሉኮስ መስመርና ውሃ የሞላ ጠርሙስ ነው። ምስማር ላይ ስቀሉት። በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ በሚሰጥ መስመር 1000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት ለማስገባት በደቂቃ ወደ 42 ጠብታ ያስፈልጋል። ሰዓት ይዛችሁ እስክታገኙት ማስተካከያውን አዙሩ። በ15 ጠብታ መስመር ደግሞ 31 ይሆናል። የትኛው እንደሆነ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል፤ ሳያነቡ መቁጠር የተለመደ ስህተት ነው።

ከተፈቀደላችሁ ደግሞ የመጨረሻዎቹን አሥራ አምስት ደቂቃዎች ለክንዱ ተዉለት። በደም ፈንታ የሞላችሁትን ቀይ ውሃ አፍስሱ፣ ቱቦውን በንጹሕ ውሃ እጠቡ፣ በባዶ ሲሪንጅ አየር ንፉበት፣ ጫፎቹን ወደ ታች አድርጋችሁ ስቀሉት። እርጥቡን ከታሸገ ይሻግታል። መርፌዎቹን ቆጥራችሁ መዝገቡ ላይ ፈርሙና ቁልፉን ለባለቤቱ በእጁ አስረክቡ።