ስለ ኢንጀክሽን ሞተር ሳይክል ሚኒሞ የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በኢንጀክሽን (በኮምፒውተር እየተመጠነ ቤንዚን በሚረጭ አሠራር) የሚሠራ ሞተር ሳይክል ሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ መስጫው ሳይነካ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት፣ ብዙዎቻችሁን እንዳስቸገረ ከላካችኋቸው ጥያቄዎች ተረድቻለሁ። ለሁሉም የሚሆን አንድ መልስ ስለሌለ በተራ እመልሳለሁ፤ ተመሳሳይ የሆኑትን ግን አጣምሬአቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የቀድሞዋ ሞተር ሳይክሌ ካርቡራቶር ስለነበራት ሚኒሞዋን በካቻቪቴ አስተካክል ነበር። በአሁኗ ላይ ግን ያንን ቪቴ ፈልጌ አጣሁት። የት ነው ያለው?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ምናልባት ያጡት ስለሌለ ነው። ካርቡራቶር ላይ ሁለት ቪቴዎች ነበሩ፤ አንዱ ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ አየር ማሳለፊያው ጨርሶ እንዳይዘጋ ደግፎ ይይዛል፣ ሌላው የአየርና የቤንዚኑን ቅልቅል ይመጥናል። ኢንጀክሽን ላይ ቅልቅሉን የሚመጥነው ኮምፒውተሩ ስለሆነ ሁለተኛው ቪቴ ቀርቷል። የመጀመሪያው እንደ አሠራሩ ይለያያል፦ በአንዳንድ ባለ አንድ ፒስተን ትንንሽ ሞተር ሳይክሎች ላይ አሽከርካሪው የሚያዞረው የሚኒሞ ማስተካከያ አሁንም አለ፤ በሌሎቹ ላይ ግን የስሮትሉ (የአየር ማሳለፊያው) ክዳን ተዘግቶ ሳለ በጎኑ የሚያልፈውን አየር የሚቆጣጠር፣ ከኮምፒውተሩ ትእዛዝ የሚቀበል ቫልቮላ ተገጥሟል። የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ከሞተር ሳይክሉ ጋር የመጣው መመሪያ ይነግርዎታል፤ ሚኒሞ ስለማስተካከል ምንም ካልጻፈ ሁለተኛው ዓይነት ሳይሆን አይቀርም።

ጥያቄ፦ ትክክለኛው ሚኒሞ ስንት ነው?

መልስ፦ መመሪያው ላይ የተጻፈው ነው። ለግምት ያህል ብዙዎቹ ባለ አንድ ፒስተን ትንንሽ ሞተሮች በደቂቃ 1,400 ዙር አካባቢ፣ 100 ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ፣ ይዞራሉ፤ ባለ ብዙ ፒስተኖቹ ዘንድ ከ1,100 እስከ 1,300 የተለመደ ነው። ቁጥሩ የሚሠራው ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ የእኔ ማስተካከያ አለው። እንዴት ባለ መንገድ ላዙረው?

መልስ፦ በመጀመሪያ አሥር ደቂቃ ያህል ነድተው ያሙቁት፤ ቆሞ የሞቀ ሞተር ብዙ ጊዜ በእኩል አይሞቅም። ከዚያም ማርሹን ነጻ አድርገው፣ ሞተር ሳይክሉን ቀጥ አድርገው ያቁሙ። ቪቴውን ከመንካትዎ በፊት የነዳጅ መስጫው ሽቦ ትንሽ ልልነት እንዳለው ይፈትሹ፤ መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው ሲያዞሩ ሚኒሞው ከፍ ካለ ጥፋቱ የሽቦው መወጠር ነውና ቪቴው አያድነውም። ሁሉም ደኅና ከሆነ ሩብ ዙር ያህል ያዙሩ፣ ነዳጅ አንድ ጊዜ ሰጥተው ይልቀቁ፣ ፍጥነቱ እስኪረጋ ይጠብቁ፣ ከዚያ እንደገና ያንብቡ። ይህን ሁሉ ደጅ ላይ ያድርጉት፤ ከማርሚታው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም።

ጥያቄ፦ መካኒክ ስሮትል ቦዲው (የስሮትሉን ክዳን የያዘው ክፍል) ላይ ቀለም የተቀባ ቪቴ አዙሮ ሚኒሞዬን ከፍ አደረገልኝ። ከዚያ ወዲህ ነዳጅ ስለቅ ሞተሩ ቶሎ አይወርድም፣ በዝግታ ስነዳም ይነጥቃል። ምን ተበላሸ?

መልስ፦ ከጥያቄዎቹ ሁሉ በጣም የምፈራው ይህንን ነው። ያ ቀለም ፋብሪካው «አይነካ» ሲል ያኖረው ምልክት ነው። ቪቴው የስሮትሉ ክዳን የሚያርፍበትን ቦታ ይወስናል፤ ከክዳኑ ዘንግ ጋር ደግሞ ክዳኑ ምን ያህል እንደተከፈተ ለኮምፒውተሩ የሚናገር ሴንሰር ተያይዟል። ክዳኑ በተዘጋ ጊዜ ሴንሰሩ በብዙዎቹ ላይ ግማሽ ቮልት ገደማ ይልካል። ቪቴው ሲጠብቅ ቮልቱ ይጨምራል፤ ኮምፒውተሩም አሽከርካሪው ነዳጅ የሰጠ ይመስለዋል። ስለዚህ ሚኒሞን ወደሚቆጣጠርበት አሠራር አይገባም፤ ነዳጅ ሲለቀቅ ቤንዚኑን የሚያቋርጥበትም ሰዓት ይዛባል። የእርስዎ ሁለቱም ምልክቶች ከዚህ ሊመጡ ይችላሉ። መድኃኒቱ የሴንሰሩን ቮልት እየለኩ ቪቴውን የጥገና መጽሐፉ ወዳዘዘው ቁጥር መመለስ ነው፤ በጆሮ የሚሠራ ሥራ አይደለም። ከዚያ በኋላ መካኒኩ ሊያስተካክለው የፈለገው የመጀመሪያው ችግር ተመልሶ ይመጣል፤ እርሱን በቀጣዩ መልስ ላይ ያገኙታል።

ጥያቄ፦ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ መብራት ላይ ስቆም ሚኒሞው ወርዶ ይጠፋል።

መልስ፦ በእኔ ልምድ መጀመሪያ መታየት ያለበት ስሮትል ቦዲው ነው። በክዳኑ ጠርዝ ዙሪያ የሚጠራቀመው ጥላሸት ለሚኒሞ የሚያልፈውን ያችን ጥቂት አየር ይዘጋታል። የስሮትል ቦዲ ማጽጃ ለስላሳ ጨርቅ ላይ ረጭተው ይጥረጉ፤ አንዳንዱ ስሮትል ቦዲ ከውስጥ ስስ ልባስ ስላለው በብሩሽ መፋቅ ይጎዳዋል። ቀጥሎ የአየር ፊልትሮውንና ካንዴላውን፣ ከዚያም የሞተሩን የራሱን ቫልቮላዎች (አየርና ጭስ የሚያሳልፉትን) ክፍተት ያስለኩ፤ ክፍተቱ የጠበበ ቫልቮላ ሲሞቅ በደንብ ስለማይዘጋ ሞተሩ በዝቅተኛ ፍጥነት አቅም ያጣል። ሚኒሞው ከመውረድ ይልቅ ከፍና ዝቅ የሚል ወይም ከፍ ብሎ የሚቀር ከሆነ ደግሞ በስሮትል ቦዲውና በሞተሩ መካከል ባለው ጎማ በኩል አየር ይገባ እንደሆነ ውሃ በስሱ እየረጩ ያዳምጡ፤ ድምፁ በተለወጠበት ቦታ ቀዳዳ አለ። ቤንዚን ወይም ሌላ ተቀጣጣይ ነገር በጋለ ሞተር ላይ አይርጩ። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ሁለት ቀን ሙሉ ሴንሰር ስፈትሽ ከርሜ ጥፋቱን ያገኘሁት ጣት በምታህል የተሰነጠቀች ጎማ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ጠዋት ስቀሰቅሰው ከ1,800 በላይ ይዞራል። ብልሽት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ቀዝቃዛ ሞተር እንዳይጠፋ ኮምፒውተሩ ሆን ብሎ ከፍ ያደርገዋል። ሞቆም ካልወረደ ግን የሙቀት ሴንሰሩን ያስፈትሹ።

ጥያቄ፦ ባለ አራት ፒስተን አለኝ፤ ሚኒሞው ትክክል ሆኖ ሳለ ይንቀጠቀጣል።

መልስ፦ አራቱ ስሮትሎች እኩል አየር ላይስቡ ይችላሉ። የቫልቮላ ክፍተት ከተለካ በኋላ በአራት የቫክዩም (የአየር መሳብ ኃይል) መለኪያ ማመጣጠን ያስፈልጋል፤ መለኪያው ከሌለ ባይጀመር ይሻላል።

ጥያቄ፦ ቤንዚን ለመቆጠብ ሚኒሞውን ዝቅ ባደርገውስ?

መልስ፦ የሚያተርፉት እጅግ ጥቂት ነው። ከተወሰነው በታች ሲወርድ የዘይቱ ግፊት ይቀንሳል፣ ባትሪውም በቂ ቻርጅ አያገኝም፤ ባትሪው ሲደክም ደግሞ ኢንጀክተሩና የቤንዚን ፓምፑ ስለሚዳከሙ ሚኒሞው ራሱ መዋዠቅ ይጀምራል። በየመብራቱ ለረጅም ጊዜ የሚቆሙ ከሆነ ሞተሩን አጥፍተው ቢጠብቁ የበለጠ ይቆጥባሉ።