«120 ጋበዝን፣ 30 መጡ»
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከደብረ ማርቆስ፣ ከእንጅባራና ከባሕር ዳር የደረሱን ጥያቄዎች ዙሪያቸው አንድ ነው፤ ተማሪን ከተማሪ የሚያገናኝ ዝግጅት አሰናድተው ያሰቡት አልሆነላቸውም፣ ወይም ሊያሰናዱ ነው። ተቀራራቢዎቹን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ የዲፓርትመንታችን ክበብ ለፍሬሾች የትውውቅ ምሽት አዘጋጅቶ 120 ተማሪ ጋብዞ ነበር። የመጡት 30 ቢሆኑ ነው። እነሱም ከዶርም ጓደኛቸው ጋር ተቀምጠው ሙዚቃ ሰሙ፣ ለስላሳቸውን ጠጡና ሄዱ። ምኑ ላይ ነው የተበላሸው? (የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ሁለት ቦታ ላይ ነው፤ ጥሪው ላይና የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ላይ።

ቴሌግራም ላይ የተለቀቀ ፖስተር ሁሉም ያየዋል፤ «እኔን ነው የጠሩኝ» የሚል ግን የለም። ፍሬሽ ደግሞ ግቢውን ገና አልለመደም፣ ብቻውን መግባት ያሳፍረዋል። ስለዚህ ፖስተሩ ለማስታወሻ ይቆይና ሰው ላኩ። ለ10 ፍሬሽ አንድ ሲኒየር ብትመድቡ ለ120ው 12 ሰው ይበቃል። ሲኒየሩ ከሦስት ቀን በፊት ዶርም ድረስ ሄዶ በየስማቸው ይጠራል፤ በዕለቱ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ብሎኩ በር ላይ ቆሞ ይዟቸው ይመጣል። ለሴቶች ዶርም ሴት ሲኒየር መድቡ፤ የማያውቁት ወንድ በር ላይ ቆሞ ሲያስጠራ የሚወጡት ጥቂት ናቸው።

ምሽቱንም ተዉት። የምሽት ዝግጅት ከካፌ እራት ጋር ሲጋጭ ሁሌ የሚሸነፈው ዝግጅቱ ነው። ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል እስከ 10 ሰዓት ተኩል ጥሩ ነው፤ ልብስ አጥበው ጨርሰዋል፣ እራት አልደረሰም፣ በብርሃን ስለሚያልቅም መመለሻው አያሳስብም። ዓርብ ቀትርን ለጁምዓ፣ እሑድ ጠዋትን ለቅዳሴ ልቀቁ። ሚድ ወይም ፋይናል ሁለት ሳምንት ሲቀረው ደግሞ ማንንም አትጥሩ፤ የመጣውም ልቡ ላይብረሪ ነው።

ቦታው ጠበብ ይበል። 60 ሰው ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ሲበተን ባዶ ይመስላል፣ በመማሪያ ክፍል ውስጥ ግን ሞቅ ይላል። ወንበሩን ወደ ግድግዳ ግፉት፤ በረድፍ የተደረደረ ወንበር ሰውን ወደ መድረክ እንጂ ወደ ጎረቤቱ አያሳየውም።

በር ላይ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ጥቅል የወረቀት ፕላስተርና አራት ወፍራም ማርከር አስቀምጡ። የገባ ሁሉ ስሙንና ያደገበትን ከተማ ወይም ወረዳ በእጁ ጽፎ ደረቱ ላይ ይለጥፍ። በእስክሪብቶ አይሆንም፤ ለማንበብ አንገት ማስገግ ግድ ይላል፣ ያም ያሳፍራል። ክልል አታስጽፉ። «ደምበጫ» ወይም «ሞጣ» የሚል ጽሑፍ «የማን ሰፈር?» የሚል ጨዋታ ይከፍታል፤ ክልል የሚከፍተው ጨዋታ ሌላ ነው።

ከዚያ ሁለት ክብ ሥሩ። 40 ሰው ካለ 20ው ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ በክብ ይቆማል፣ የቀረው 20 ከውጭ ሆኖ ፊት ለፊቱ። ሁለት ደቂቃ ያወራሉ፤ ፊሽካ ሲነፋ የውጭው ክብ ብቻ አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ሙሉ ዙሩ 40 ደቂቃ ይፈጃል፤ ሳይሰለቻቸው 10 ዙር ላይ አቁሙት። ከ40 በላይ ከሆኑ ሁለት ቦታ ክፈሏቸው፣ ጎዶሎ ከሆኑ ከአዘጋጆቹ አንዱ ይግባ። ለየዙሩ አንድ ጥያቄ ጮክ ብሎ ይነገር። «ስለ ራስህ ንገረኝ» የሚለው ሰውን ያደነዝዛል። «ከቤት የተሰጠህን በሶ ማን ጨረሰው?»፣ «እስካሁን ግቢ ውስጥ የጠፋህበት ቦታ የት ነው?» ዓይነቱ ይሻላል።

ቀጥሎ በተወለዱበት ወር ቡድን ይሥሩ፤ የጳጉሜን ልጆች ከነሐሴ ጋር ይዳበሉ። እንቆቅልሽ አጋጥሟቸው፤ መልሱ የጠፋው ቡድን እንደ ልማዱ አገር ይስጥ። የሚሰጠው ግን ከአባላቱ ደረት ላይ የተጻፈ ከተማ ይሁን። ከተማው የተሰጠበት ልጅ ዝም አይልም፤ ያን ጊዜ ክፍሉ በራሱ ይሄዳል። ዲኑ ንግግር ካላቸው 5 ደቂቃ ስጧቸው፣ ቦታውም ከክቡ በኋላ ይሁን። መጀመሪያ ላይ የተደረገ ንግግር ሰውን ታዳሚ አድርጎ ያስቀምጠዋል፣ ከዚያ ወዲያ ማስነሣት አስቸጋሪ ነው።

ጥያቄ፦ ለ100 ተማሪ የቡና ዝግጅት አስበናል። ስንት ኪሎ ቡና ይፈጃል? ጾሙንስ ምን እናድርገው? (የባህል ክበብ አባላት፣ ከእንጅባራ)

መልስ፦ ጥሬው 1 ኪሎ ይበቃችኋል። ሲቆላ ከክብደቱ አንድ ስድስተኛ ያህል ስለሚቀንስ 830 ግራም ግድም ይቀራል፤ ለአንድ ሲኒ 8 ግራም ብትይዙ 100 አቦል ይወጣዋል። ቶናው ከዚያው ከአተላው ነው። ስኳር 2 ኪሎ፣ ፈንዲሻ 1 ኪሎ ተኩል በቆሎ፣ ለድፎ ዳቦ 8 ኪሎ ዱቄት ያዙ፤ ከ8 ኪሎ ዱቄት 11 ኪሎ ገደማ ዳቦ ስለሚወጣ ለእያንዳንዱ 100 ግራም ቁራሽ ይደርሳል።

የሚያስቸግራችሁ ቡናው ሳይሆን ጀበናው ነው። መካከለኛ ጀበና 10 ሲኒ ግድም ይቀዳል፣ ለአንድ ጊዜ ማፍያ 20 ደቂቃ ይፈልጋል። በአንድ ጀበና ለ100 ሰው ከሦስት ሰዓት በላይ ነው፤ የመጨረሻው ሰው አቦል ሲደርሰው የመጀመሪያው ዶርሙ ገብቶ ተኝቷል። አራት ረከቦት በአራት ቦታ ዘርጉ፣ በየረከቦቱ ሁለት ጀበና አድርጉ፤ አንዱ ሲቀዳ ሌላው ይጣዳል። 25 ሰው ዙሪያውን ሲቀመጥ ይተያያል፣ ቡናውም ሳይሰለች ይደርሳል። ማን የት እንደሚቀመጥ በዕጣ ይሁን፤ አለበለዚያ የዶርም ልጆች ተያይዘው አንድ ረከቦት ይይዛሉ። 1 ኪሎ ቡና በሙቀጫ ልውቀጥ ማለትም አያዋጣም። ለየረከቦቱ 50፣ 50 ግራም ጥሬ አስቀርታችሁ ሌላውን አስቀድማችሁ ቆልታችሁ አስፈጩት። የቀረው እዚያው ሲቆላ ጭሱ ለሁሉም ይዙር፤ የዝግጅቱ ግማሽ እሱ ነው። ማፍላቱን ለሴት ተማሪዎች ብቻ አትጣሉት፤ የሚያፈላውም የሚጠጣ እንግዳ ነውና በየቶናው ተቀያየሩ።

ከተማችሁ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ 92 ዲግሪ ግድም ላይ ይፈላል፤ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ንፍሮ ካሰባችሁ ባቄላውንና ሽንብራውን ከዋዜማው ዘፍዝፉ፣ ለመቀቀያም ጊዜ ጨምሩ። ብርዱ ደግሞ መስኮት ያስዘጋል፤ ከከሰል ጋር ግን መስኮት መዝጋት አደገኛ ነው። የከሰል መርዝ አይታይም፣ አይሸትም፤ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲሰማችሁ መርዙ ሥራውን ጀምሯል። ከሰሉ ውጭ ተቀጣጥሎ ፍም ከሆነ በኋላ ይግባ፣ ፍም ሆኖም መርዙ ስለማይቀር በሩና አንድ መስኮት ክፍት ይሁን። ከተቻለ ዝግጅቱን ደጅ፣ ፀሐይ ላይ አድርጉት።

ስለ ጾሙ፣ ሁሉንም የጾም አድርጉትና ጥያቄው ይዘጋል። ቅቤ የሌለው ዳቦ፣ ቆሎ፣ ንፍሮና ፈንዲሻ ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም ይሆናሉ፣ ሁለት ትሪ መለየት አያስፈልግም። ረቡዕና ዓርብን፣ ከኅዳር 15 ጀምሮ ያለውን የነቢያት ጾምና 55ቱን ቀን ዓቢይ ጾም ግን ለሰዓቱ ስትሉ አስታውሱ፤ ብዙ ሰው ከ9 ሰዓት በፊት አይቀምስም። ረመዳን ከሆነ ከማግሪብ በኋላ አድርጉት።

ጥያቄ፦ በግጥም ምሽታችን ማይኩ እያፏጨ አንባቢዎቹ ሳይሰሙ ቀሩ፤ በመሐል ደግሞ መብራት ጠፋ። (የሥነ ጽሑፍ ክበብ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ፉጨቱ ከሞንታርቦው የወጣው ድምፅ ተመልሶ ማይኩ ውስጥ ሲገባ የሚፈጠር ነው። ሞንታርቦዎቹን ከአንባቢው ሁለት ሜትር ያህል ወደ ፊት አውጧቸው፣ ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ አዙሩ፤ አንባቢው ከፊታቸው እንዳያልፍ ወለሉ ላይ በፕላስተር መስመር አስምሩ። ማይኩ ከአፍ ሦስት ጣት ይራቅ። ሰው ሲፈራ ማይኩን ያርቀዋል፣ ያን ጊዜ ሚክሰሩ ላይ ያለው ልጅ ድምፅ ይጨምራል፣ ፉጨቱም ይመጣል። የማይኩን ራስ በመዳፍ መሸፈንም ያስፏጫል፤ አብዛኛው የእጅ ማይክ ከፊቱ የመጣውን ነው የሚቀበለው፣ ሲሸፈን ግን ከዙሪያው ሁሉ ይለቅማል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ካፏጨ ድምፁን ቀንሱ፣ ቀጥሎ ቀጭን ድምፁን።

መብራቱ ሲጠፋ መጀመሪያ ጎረቤት ሕንፃ እዩ። እነሱ ካላቸው የወደቀው የእናንተ ብሬከር ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የሻይ ማፍያው ነው፤ 2,000 ዋት ማፍያ በ220 ቮልት 9 አምፔር ይወስዳል፣ የሶኬት መስመር ብዙ ጊዜ 16 አምፔር ነው። ማፍያውንና ማጉያውን በአንድ ዲቫይደር አትሰኩ፤ ሻዩ ከሌላ ክፍል ፈልቶ በፔርሙዝ ይምጣ።

ጀነሬተር ከተከራያችሁ የምትሰኩበትን ዋት ደምሩና ከአቅሙ ሦስት አራተኛ አይለፍ። ለ3 ኪሎ ዋት ጀነሬተር ለሦስት ሰዓት 5 ሊትር ቤንዚን ይበቃል። ከአዳራሹ 20 ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ውጭ ይቁም፣ ቤንዚን የሚጨመረው ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ነው።

እንዲያውም እስከ 60 ሰው ድረስ ማይክ አያስፈልግም። ወንበሩን በፈረስ ኮቴ ቅርጽ በሦስት ረድፍ አድርጉትና አንባቢው መሐል ይቁም። በጎጃሞቹ የቅኔ ቤቶች፣ በዲማና በጎንጅ፣ ቅኔ ሲዘረፍ የኖረው ያለ ሞንታርቦ ነው።

ጥያቄ፦ የዲፓርትመንቶች የእግር ኳስ ውድድር ለመቀራረብ ተብሎ ተጀምሮ በጠብ አለቀ። (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ቀድሞ የሚተዋወቁትን አንድ ወገን አድርጋችሁ አጋጠማችኋቸው። ቡድኑን በዕጣ ሥሩ፤ በ10 ሰው ቡድን ከአንድ ዲፓርትመንት ከሦስት በላይ አይግባ። ሰባት ለሰባት፣ በትንሽ ሜዳ፣ 20 ደቂቃ በሁለት ግማሽ ይጫወቱ። 8 ቡድን በጥሎ ማለፍ 7 ጨዋታ ነው፣ ግማሹ ቡድን ግን አንዴ ተጫውቶ ወደ ቤቱ። በሁለት ምድብ ካደረጋችሁት 12 የምድብ፣ 2 የግማሽ ፍጻሜና 1 የፍጻሜ፣ በድምሩ 15 ይሆናል፤ በአንድ ሜዳ በቀን 5 ጨዋታ ቢያዝ በሦስት ቅዳሜ ያልቃል። ዳኛ ከስፖርት ሳይንስ ተማሪዎች ለምኑ።

ጥያቄ፦ 45 ተማሪ ይዘን ጣና ገዳማት ወይስ ጢስ ዓባይ? (የክፍል ተወካይ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እንደ ወሩ ነው። ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ፏፏቴው የሚያምረው ከክረምቱ ጀምሮ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ነው። በበጋ ውኃው ወደ መብራት ማመንጫ ስለሚሄድ ብዙ ተማሪ «ይኼ ነው?» ብሎ ይመለሳል። ከኅዳር በኋላ ከሆነ ጣናን ምረጡ።

ጣና ላይ የሚፈጸመው የተለመደ ስሕተት ክብራን ገብርኤልን መምረጥ ነው፤ ሴት አይገባበትም፣ የክፍሉ ግማሽ ጀልባ ላይ ይቀራል። ዘጌ ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ለሁሉም ክፍት ነው። ነጠላ ይያዝ፣ ልብስ ከጉልበት በታች ይሁን፣ ጫማም ስለሚወለቅ በቀላሉ የሚወልቅ ይደረግ። በጠዋት ተነሡ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሐይቁን ያናውጠዋል። ጀልባ ከመውጣታችሁ በፊት የተንሳፋፊ ጃኬቱን ቁጠሩ፤ 45 ሰው ከሆናችሁ 45 ካልተቆጠረ አትሳፈሩ፣ «ዋና እችላለሁ» የሚል ሰው አይቀነስም።

ከመሄዳችሁ በፊት ከተማሪዎች አገልግሎት የፈቃድ ደብዳቤ ያዙ፣ የመንገዱንና የሰዓት እላፊውን ሁኔታ በዋዜማው ጠይቁ። የስም ዝርዝሩ በሦስት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ ግቢ ይቀመጥ፣ አንዱ ጀልባው ላይ፣ አንዱ ተወካዩ ኪስ። ሰዉን ከዶርሙ ውጭ ከሆነ ሰው ጋር ሁለት ሁለት አድርጋችሁ አጣምሩ፤ ሲቆጠር እያንዳንዱ ስለ ጥንዱ ይመልስ። 45 ሰው ጎዶሎ ስለሆነ አንዱ ጥንድ ሦስት ይሁን። ገንዘቡ ከአንድ ሳምንት በፊት ተሰብስቦ ይለቅ፤ ከባለ ጀልባው ጋር ግማሹን ሲነሡ፣ ግማሹን ሁሉም ተቆጥሮ ወደብ ሲወርድ ብላችሁ ተዋዋሉ።