አረቄው ከተፈቀደ ጋንጃው ለምን ተከለከለ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ሰላም ነዎት? የምጽፍልዎት ከደሴ ነው። የ19 ዓመት ወንድሜ ጋንጃ ማጨስ ጀምሯል። ስቆጣው «አረቄ ስንቱን እየገደለ በየመንደሩ ይሸጣል፤ የሚጎዳው ጋንጃው ብቻ ነው እንዴ?» ይለኛል። ምን ልበለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ስለ አረቄው ያለው እውነት ነው። አልኮል ጉበት ይጎዳል፣ ካንሰር ያመጣል፣ በአንድ ምሽት ከልክ በላይ የጠጣም ትንፋሹ ቆሞ ሊሞት ይችላል። ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም ደግሞ ያንቀጠቅጠዋል፣ ያቃዠዋል፣ አንዳንዴም ይገድለዋል፤ እንዲህ ያለ ዘመድ ካላችሁ በሐኪም ክትትል ያቁም። ጋንጃ በዚህ መልኩ ትንፋሽ አቁሞ ሲገድል እምብዛም አይታይም።

ሕጉ ግን የትኛው ይብሳል ብሎ መዝኖ አልወጣም። ወሎ ውስጥ አልኮል በሃይማኖቱ የተከለከለበት ሕዝብ ብዙ ነው፤ ያም ሆኖ ጠላ በየድግሱ አለ፣ አረቄ አውጥታ ልጆቿን ያሳደገች እናት አለች፣ ኮምቦልቻ ላይ ቢራ ፋብሪካ ቆሟል፣ መንግሥትም ግብር ይሰበስባል። ይህን ሁሉ በአንድ አዋጅ ማጥፋት አይቻልም። ካናቢስ (ጋንጃ) ግን እ.ኤ.አ. በ1925 ጄኔቫ ላይ፣ ግብፅ አጥብቃ ጠይቃ፣ ዓለም አቀፍ ቁጥጥር ውስጥ ገባ። የ1961ዱ የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ስምምነት ከሄሮይን ጋር በጥብቁ ዝርዝር መደበው። በ2020 ለሕክምና ያለው ጥቅም ታይቶ ከጥብቁ ዝርዝር ቢወጣም ቁጥጥሩ አልተነሳም። እኛም አገር በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 ያስቀጣል።

ደግሞ አረቄውም ለእሱ አልተፈቀደም! አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ ይከለክላል። ይህን ንገሪው።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ዕድሜው ነው። አእምሮ እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ እየበሰለ ይሄዳል። በዚህ ዕድሜ አዘውትሮ ጋንጃ ማጨስ ትምህርትንና የማስታወስ ችሎታን ያዳክማል፣ ከእውነታ የሚያስወጣ የአእምሮ ሕመም የመምጣት ዕድሉንም ይጨምራል፤ በተለይ ከቤተሰብ እንዲህ የታመመ ሰው ካለ።

ስለዚህ ከሕጉ ጋር መከራከሩን ተዪውና ልጁን ተከታተይው። እንቅልፍ ካጣ፣ ከሰው ከተገለለ፣ «ያሙኛል፣ ይከታተሉኛል» ማለት ከጀመረ፣ ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ከሰማ፣ ጠበል ይሁን ዱዓ ሳይቀር ጎን ለጎን የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ይዘሽው ሂጂ። ጫትም ሆነ መጠጥ የሚወስድ ከሆነ ምንም ሳትደብቁ ለሐኪሙ ንገሩት።